ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት

ማክሰኞ ዕለት ወንድሜ ሳሙኤል ራሱን እያመመው ይስቅ ነበር። ያን ሳምንት ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ሳቁ ነው።

ስሜ ታሪኩ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሶዶ ውስጥ፣ በሳሚ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ሠርቻለሁ ልበል እንጂ ደንበኛ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ መልሴ "ሳሚን ጠይቁት" ነበር። እጄ ይሠራል፣ አፌ ግን ይያዛል። ጽሑፌም እንደዚያው ነው፣ እየቆመ ነው የሚሄደው። ቢሆንም ይህን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግኩም።

ያን ቀን ጠዋት ኦቶና ሰፈር እትዬ ማርታ ቤት ተጠርተን ሄድን። እትዬ ማርታ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ጫጩት እያስፈለፈሉ ይሸጣሉ። መፈልፈያ ማሽናቸው ፍሪጅ ያህላል፤ በሩ ላይ የውስጡን ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለው። ውስጡ ሁለት መቶ አርባ እንቁላል ነበር፣ አሥረኛ ቀናቸው። እኛ ስንደርስ ማሽኑ ይጮኻል። በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ ብቻ ነበር፤ ማሞቂያውም ቆሟል።

"ሳሙኤል፣ ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው" አሉት።

"እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ገና ሳይፈለፈሉ ወለድኳቸው ይላሉ" አለና ሳቀ። ወዲያው ግንባሩን ያዘ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ተበላ ወደምትባለው ቆላ ከተማ ወርዶ ዘመዶቻችን ቤት እያደረ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ነበር የሰነበተው። ድካም ነው አለን። እኛም ድካም ነው አልን።

ማሽኑ ውስጥ ማሞቂያውን የሚያዝ አንድ ቦርድ አለ፤ ከእንቁላሎቹ አጠገብ ደግሞ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር። ሁለቱ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ይነጋገራሉ። ቦርዱ በየሰከንዱ "ስንት ዲግሪ ነው?" ይላል፣ ሴንሰሩ ይመልሳል። ጠያቂው ማስተር ይባላል፣ መላሹ ስሌቭ። ስሌቭ ከራሱ ተነስቶ አይናገርም። በአድራሻው ሲጠሩት ብቻ ነው የሚመልሰው።

"ልክ እንዳንተ" አለኝ ሳሚ። "አንተስ ካልጠሩህ መቼ ትናገራለህ?"

የሞተው ቦርዱ ይሁን ሴንሰሩ ማወቅ ነበረብን። ለዚህ ሳሚ አንዲት ሳሙና የምታህል ሣጥን ነበረችው፣ ሲሪያል ባስ አናላይዘር የምትባል። በአንድ በኩል ላፕቶፕ ላይ ትሰካለች፣ በሌላው በኩል ሽቦዎቹን ትይዛለች። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀምባት በሽቦው የሚያልፈውን ለማዳመጥ ነው። ነገር ግን ስሌቭ እንድትሆን ማድረግም ይቻላል። ያኔ ሴንሰሩን ተክታ ለቦርዱ ትመልሳለች። ቦርዱ መልሱን ሰምቶ ጩኸቱን ካቆመ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

"ዛሬ አንተ ነህ የምታዘጋጃት" አለኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሴንሰሩን ነቀልኩ። የሣጥኗን ሽቦዎች በቦታው አሰርኩ። ፕሮግራሙን ከፍቼ "ስሌቭ" የሚለውን መረጥኩ። አድራሻ ይጠይቃል። የሴንሰሩ ወረቀት ላይ 90 ስለሚል 90 ጻፍኩ። ከዚያ መልሱ። ይህ ሴንሰር ሙቀቱን በሁለት ጥንድ አኃዝ ነው የሚናገረው፣ መጀመሪያ ሙሉ ዲግሪውን፣ ቀጥሎ ክፋዩን። አቆጣጠሩ በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት ስለሆነ ሠላሳ ሰባት 25 ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት አሥራ ስድስትና አምስት ማለት ነው። ቦርዱ የሚፈልገው ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት ነው። ሳሚ ማሞቂያው መብራቱን ለማየት ትንሽ አጉድለህ ስጠው ስላለኝ 25 60 ጻፍኩ። ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት ገደማ ማለት ነው። አስነሳኋት።

ማሽኑ መጮሁን ቀጠለ።

"ምን አድራሻ ሰጠሃት?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ዘጠና።"

"በለው! ቦርዱ አንዱን ቤት ያንኳኳል፣ አንተ ሌላ ቤት ተቀምጠህ ማንም አልጠራኝም ትላለህ። ወረቀቱ አድራሻውን የሚጽፈው 'ላንብብ ወይስ ልጻፍ' የምትለዋን ትንሽ ምልክት፣ ቢቷን፣ ጨምሮ ነው። ፕሮግራሙ እሷን አይፈልግም። ግማሹን ስጣት።"

በዚያው በአሥራ ስድስቱ አቆጣጠር ግማሹ 48 ነው። 48 ብዬ ጻፍኩ። ጩኸቱ ቆመ። መስኮቱ ላይ 37.4 ወጣ፣ ማሞቂያውም ደብዘዝ ብሎ በራ። እትዬ ማርታ "ጌታ ይባረክ!" ብለው አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሳሚ ዓይኑን ገለጠ። "ቦርዱ ደህና ነው፣ ሴንሰሩ ነው የሞተው። ሱቅ መሳቢያ ውስጥ በፖስታ የተቀመጠ አንድ አለ። አምጥተህ በይድና ሣጥኗን ንቀል። ሳትነቅላት እንዳትውል፣ የፈጠርነውን ቁጥር ነው የምትመልሰው። እኔ ቤት ሄጄ ትንሽ ልጋደም።"

ባጃጅ አስቁሜ አሳፈርኩት። ሲሄድ "እትዬ፣ ኮምፒውተሩን እንዳይነኩት!" ብሎ ጮኸላቸው።

ሱቅ ደርሼ መሳቢያውን ስከፍት ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። "ወንድምህ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ቶሎ ና።" መሳቢያውን እንደተከፈተ ትቼው ሮጥኩ።

ሐኪም ቤት ወባ ነው አሉን፤ ወደ አንጎሉ ወጥቷል። ማታ ላይ ትንሽ ነቃ። እኔ ነበርኩ አጠገቡ።

"ታሪኩ፣ ሴንሰሩን ገጠምከው?"

"አዎ" አልኩት።

"ስንት ይላል?"

"ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት።"

"ጥሩ ነው" አለና ተኛ። እንዲያርፍ ብዬ ነው። ነገ ጠዋት ሄጄ እገጥመዋለሁ ብዬ ነው። ረቡዕ ሳይነቃ ዋለ፣ እኔም ከአልጋው መለየት አልቻልኩም፤ ሲመሻሽ ሞተ።

ሐሙስ ቀበርነው።

በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ከቤተሰቡ አንዱ ተነስቶ የሟቹን ነገር ከመጀመሪያው ይናገራል፤ ሕመሙ እንዴት ጀመረው፣ ምን ተደረገ፣ የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር። መጪው ይህን ሳይሰማ እህል አይቀምስም። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ተናጋሪው አጎቴ ጋሼ ጳውሎስ ሆኑ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ንግግር ያውቃሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳሚ አጠገብ የነበርኩት እኔ ብሆንም ተናገር ያለኝ የለም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ማርታ መጡ። ጋሼ ጳውሎስ ተናግረው ሲጨርሱ እሳቸውም ተነሱ።

"ይህን ልጅ እኔ ልመስክርለት" አሉ እያለቀሱ። "ማክሰኞ ታሞ እንኳ ማሽኔን ሠርቶልኝ ነው የሄደው። እስከ ዛሬ ጠዋት ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት ነው። ንቅንቅ አላለም። ኮምፒውተሩን ሳይቀር ትቶልኝ ነው የሄደው!"

"እጁ የተባረከ ነበር" አለ ሰው ሁሉ።

ያኔ ነው ሣጥኗ ትዝ ያለችኝ። ከእንቁላል አጠገብ ያለ ጤነኛ ሴንሰር አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም። ነጥብ ሦስት ይላል፣ ነጥብ ስድስት ይላል፣ ይመለሳል። ሦስት ቀን ያልተነቃነቀው እኔ የጻፍኩት 25 60 ነው። ቦርዱ ትንሽ ብቻ የጎደለ መስሎት ሦስት ቀን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ብቻ ሲያሞቅ ነበር። ሶዶ ደግሞ ብርድ ነው።

ሴቶቹ ወዳሉበት ሄድኩ። "እትዬ፣ ቤትዎ እንሂድ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

ፊቴን አዩና ተነሱ። በድንኳኑ በር ጋሼ ጳውሎስ ክንዴን ያዙኝ።

"ወዴት ነው?"

"ሥራ... ሥራ አለ ጋሼ።"

"ወንድምህን ትናንት ቀብረህ ዛሬ ሥራ? ሰው ምን ይለናል?"

ክንዴን ቀስ ብዬ አስለቅቄ ወጣሁ። በባጃጅ ሱቅ ደርሰን ፖስታውን፣ መበየጃውንና የሳሚን የብርጭቆ ቴርሞሜትር ያዝኩ። እትዬ ማርታ መንገዱን ሙሉ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

ቴርሞሜትሩን በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ወደ እንቁላሎቹ አስገባሁ። ጠበቅን። እትዬ ማርታ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

"ሠላሳ ሁለት። የተበላሸው የቱ ነው፣ ይኼ ወይስ ያኛው?"

"ያኛው።"

"ያኛው ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት ይላል እኮ!"

"ያ ቁጥር ከእንቁላሎቹ አይደለም እትዬ። ከዚች ሣጥን ነው። ተጽፎ የገባ ነው።"

"ማን ጻፈው?"

ጥያቄው ቀላል ነበር።

"ሳሚ..." አልኩ። "ሳሚ ለጊዜው ብሎ ነበር የተወው።"

እትዬ ማርታ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። "ታሞ ነበራ" አሉ። "ምን ያድርግ። እኔ አልተቀየምኩትም።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴንሰሩን ለመበየድ ተቀመጥኩ። በደንብ ይያዝልኝ ብዬ መበየጃውን ረጅም ጊዜ አቆየሁበት። ስገጥመው ማሽኑ ጮኸ፤ ሰረዝ። አቃጥዬዋለሁ። ሌላ የለም። ሐዋሳ ለሚሠራ የሳሚ ጓደኛ ደወልኩ። "አለኝ፣ አሁን በሚኒባስ እልከዋለሁ" አለ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። የሚደርሰው ወደ አሥር ሰዓት ነው።

እስከዚያ ማሞቂያውን ማን ያዘዋል? በቀጥታ ብናበራው እንቁላሎቹን ይቀቅላቸዋል። ያኔ ነው ሣጥኗን እንደገና ያሰርኳት። ስሌቭ። አድራሻ 48። አሁን ግን መልሷን ከቴርሞሜትሩ ላይ ነው የምሰጣት። 20 00 ጻፍኩ፣ ሠላሳ ሁለት። መስኮቱ ላይ 32.0 ወጣ። ማሞቂያው ማክሰኞ ካየሁት እጅግ ደምቆ በራ።

"እትዬ፣ እርስዎ ያንብቡ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

"ሴንሰሩ እኔና አንተ ነን በለኛ።"

"አዎ።"

"እንግዲያው እንዳንዋሸው" አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

እንዲህ ዋልን። እሳቸው "ሠላሳ ሦስት" ይላሉ፣ እኔ 21 00 እጽፋለሁ። "ሠላሳ ሦስት ተኩል" ይላሉ፣ 21 80። አንዳንዴ ቶሎ ይወጣል፣ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይቆማል። አንድ ጊዜ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ሲሰክን እትዬ ማርታ "ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዳንተ ያልኩትን የሚጽፍ ተማሪ አላጋጠመኝም" ብለው ሳቁ። ከዚያ ለቅሶ ላይ መሆናችንን አስታወሱና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ላይ ሠላሳ ስድስት ገባ። ዘጠኝ ላይ ሠላሳ ሰባት። 25 00። ክፋዩን ብቻ እየቀየርኩ ቀጠልኩ።

ጋሼ ጳውሎስ አራት ጊዜ ደወሉ። በአምስተኛው አነሳሁ።

"ነገ ጠዋት የተበላ ሰዎች ይመጣሉ። እንዳትጠፋ" አሉና ዘጉት።

ሴንሰሩ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ባጃጅ ልኬ ከመናኸሪያ አስመጣሁት። እጄን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። እትዬ ማርታ የስልካቸውን መብራት ያዙልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ የሴንሰሩን እግሮች በየተራ በየድኩ። ሣጥኗን ነቀልኩ። መስኮቱ 37.2 አለ። 37.4 አለ። አለፈውና 37.5 አለ፣ ተመለሰ።

"አሁን ይንቀሳቀሳል" አሉ።

"አዎ። አሁን ከእንቁላሎቹ ነው።"

እትዬ ማርታ አሥር እንቁላል ይዘው ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ። በጨለማ እንቁላሉን በስልክ መብራት ላይ አድርገው ማየት ያውቃሉ፤ ሕይወት ያለው የደም ሥር ይታይበታል፣ ውስጡም ይነቃነቃል። ሦስቱ ተነቃነቁ። ሌሎቹን ዛሬ ላያቸው አልችልም ብለው ወጡ። በሩ ላይ ስንሰነባበት "እትዬ..." አልኩ።

"ምን ልጄ?"

"ምንም።"

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ጋሼ ጳውሎስ አዲስ ለመጡ ሰዎች እየተናገሩ ነበር። የእትዬ ማርታ ምስክርነት ንግግራቸው ውስጥ ገብቷል። "እስከ መጨረሻዋ ቀን ከሥራው አልተለየም። የጠገነው ማሽን እስከ አሁን፣ በዚች ሰዓት እንኳ፣ ልክ እሱ እንደተወው ይሠራል።" ሰዎቹ አለቀሱ። እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን የምታነቡ፣ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ብዙ አይደለም። ከሁለት መቶ አርባው ሰባ አንድ ጫጩት ወጣ፣ ያውም ከሚፈለፈሉበት ቀን ዘግይቶ። ሱቁን አሁን እኔ ነኝ የምከፍተው። ሣጥኗን ስሌቭ አድርጌ ካሰርኳት ላይዋ ላይ "ይህ መልስ የውሸት ነው፣ ታሪኩ" የሚል ወረቀት ሳልለጥፍ ወንበሬን አልለቅም። ደንበኛ ሲጠይቀኝ እኔው እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። አንዳንዴ ግን ሥራ መሀል ሳሚ "ስንት ይላል?" ያለኝ ይመጣብኛል። ቁጥሩን በትክክል ነው የነገርኩት። መስኮቱ ላይ የነበረው እሱ ነው። እናንተም ለታመመ ሰው እንዲያርፍ ብላችሁ የመለሳችሁት ነገር ይኖር ይሆናል። ክፉ ነው አልልም። ግን እንዲያርፍ የመለሳችሁትን በማግስቱ ሄዳችሁ እውነት አድርጉት። እኔ ማግስት አላገኘሁም።

በዚያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የተበላ ሰዎች መጡ። ሰባት ናቸው። ከፊት የነበሩት ሽማግሌ፣ የአባቴ የአጎት ልጅ፣ "ታ ኢሻው!" እያሉ ገቡ፤ "ወንድሜ!" ማለት ነው በቋንቋችን። ሳሚ ፓምፕ ሲጠግን ያደረው እሳቸው ቤት ነበር። እትዬ ማርታም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ልቅሶው ሲበርድ ጋሼ ጳውሎስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ።

"ማክሰኞ ዕለት ነው..." ብለው ጀመሩ።

እኔም ተነሳሁ። "ጋሼ፣ እኔ ልናገር።"

"አንተ?"

"እኔ ነበርኩ አብሬው።"

አዩኝ። ከዚያ ተቀመጡ።

አፌ ተያዘ። ሰው ጠበቀኝ። "ማክሰኞ ዕለት" አልኩ፣ "ራሱን እያመመው ነበር። የእትዬ ማርታን ማሽን... ሳሚ አልጠገነውም። ምን እንደጎደለው አወቀ። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሴንሰሩን አምጥተህ ግጠም፣ ሣጥኗን ሳትነቅል እንዳትውል ብሎኝ ነበር። አልገጠምኩም። እንቁላሎቹ በዚያ ነው የሞቱት። ትናንት እትዬን... ሳሚ ነው የተወው አልኳቸው። ዋሸሁ።" እትዬ ማርታን ለማየት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። "ማታ ሐኪም ቤት ገጠምከው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ስንት ይላል አለኝ፣ ነገርኩት። ጥሩ ነው አለ። የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው። ጥሩ ነው ያለው እኔን አምኖ ነው።"

ጋሼ ጳውሎስ መሬት መሬት ያያሉ። ከሴቶቹ በኩል እትዬ ማርታ "ልጄ" ሲሉ ሰማሁ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ።

"እኛ ቤት አራት ሌሊት አደረ" አሉ። "አንድ አጎበር ነበረን። ለእንግዳው እንስጠው ወይ አለችኝ ሚስቴ። ጎበዝ ነው፣ ምን ይሆናል አልኳት። እኛው ተኛንበት።" ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን ለማን እንደምናገር ሳላውቅ ነው መንገዱን ሙሉ የመጣሁት።"

የሚቀመጡበትን የሚያሳያቸው ሰው አልነበረም። እኔ ጠጋ አልኩና አጠገቤ ቦታ ለቀቅኩላቸው።